ደሞዝተኛዋ ሚስት

“ባሏን ለማጠብ ደሞዝ ሊቆርጡላት ነው አሉ።”

ይህን የሰማሁት ዳቦ ቤት ተሰልፌ ነው። ከፊቴ የቆሙት ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ስለነበር ማን እንደሆንኩ አላዩም። “ማንን ነው የምትዪው?” አለች አንደኛዋ። “ሳኪኔን ነዋ፣ የሹፌሩን የቬይሰልን ሚስት። ዛሬ ከመንግሥት ሊያዩት ይመጣሉ።” “ወይ ጉድ! እኔ ጤነኛውን ሠላሳ ዓመት ሳጥበው ማን ሰባራ ሳንቲም ሰጠኝ?” “ያንቺንማ ከጣሪያ መጣል ነው፤ ያኔ ይከፍሉሻል።” ዳቦ ሻጩ ሳይቀር ሳቀ። ተራዬ ሲደርስ ሦስት ዳቦ አልኩ። ዋጋው ባለፈው ስመጣ ከነበረው ጨምሯል፤ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፣ ከፍዬ ወጣሁ። ሰፈራችን በደቡብ ቱርክ ከመርሲን ወደብ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። ትኩስ ዳቦ ደረቴ ላይ አቅፌ ስወጣ የብርቱካን አበባ ሽታ ከታች ከአትክልቱ ይመጣ ነበር። ዳገቱን እስክጨርስ ድረስ ለሴቶቹ መልስ ሳዘጋጅ ቆየሁ፤ ቤት ስደርስ ግን ስለ እነሱ ለእናቴ ምንም አላወራሁም።

እናቴን ከቀበርናት ወዲህ ሰው ሁሉ ስሟን ሲያነሣ “ታጋሽ ነበረች” ይላል። ታጋሽ ነበረች፣ አልክድም። እኔ ግን ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣብኝ በዚያ የሚያዝያ ቀን እንደነበረችው ነው፤ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ የቤታችንን ደጃፍ በበረኪና ስታሽ። ከታርሱስ፣ ከባሌ ቤት፣ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው የአንድ ቀን ፈቃድ ለምኜ ነበር የመጣሁት። አየችኝና፣ “ዳቦውን ጨርቅ አልብሺው፤ ሶፋዎቹ ላይ ያለውን አንሶላ ግለጪ” አለችኝ። ሰላምታዋ ይኸው ነበር።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው የእንግዳ ክፍል ነው፤ ሶፋዎቹ ነጭ አንሶላ ለብሰው፣ በሩ ተዘግቶ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ይጠብቃል። ሁለተኛው ከመፀዳጃ ቤቱ ጎን ያለው ጠባቡ ክፍል ነው፤ አባቴ እዚያ ይተኛል። በፀሐይ የሚሞቀውን የውሃ ታንከር ሊጠግን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከወደቀ ጀምሮ እግሮቹ የእሱ አይደሉም፤ ጣቶቹም እንደታጠፉ ቀርተዋል። የእጁ አንጓ ይንቀሳቀሳል። ምላሱ ደግሞ ከበፊቱ ብሶበታል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ወደ ባሕሩ ዳር ወርዳ የሦስት ሕንፃዎችን ደረጃ ታጥብ ነበር። ስትሄድ ቴሌቪዥኑን ትከፍትለታለች፣ ትራሱን ታስተካክላለች፣ በሩን ከውጭ ትቆልፋለች። ያን ክረምት አንድ ቀን ስትመለስ ከትራሱ ተንሸራትቶ፣ ፊቱ በአልጋውና በግድግዳው መሃል ተቀርቅሮ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘችው። ስንት ሰዓት እንደዚያ እንደቆየ እሱም አያውቅም። በማግስቱ የሆስፒታሉን ወረቀት ይዛ ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄደች። ቤተሰቡን ለሚያስታምም ሰው የሚሰጥ ደሞዝ አለ፤ ሦስቱ ደረጃዎች ተደምረው ከሚሰጧት ብዙም አይበልጥም፣ አያንስም። ከተፈቀደ ደረጃው ይቀራል፤ በሩም ከውጭ አይቆለፍም። እናቴ ከዚያ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ከምድር ቤት ያለችው ጎረቤታችን ጉልደረን ነጠላ ጫማዋን እያንጣጣች ወጣችና ደጃፉ ላይ ክው ብላ ቆመች።

“እትዬ ሳኪኔ፣ አብደሻል? ምን እያደረግሽ ነው?”

“እያጠብኩ።”

“ኧረ ተይው! የባሌ እህት ቤት ከመንግሥት የመጡ ጊዜ ቤቱን እንደ ሙሽራ ቤት አሳምራ ጠበቀቻቸው። ‘ይህ ሰው ምን ሆነና’ ብለው ነው የሄዱት። ሳህኑን አታጥቢ። ዳይፐሩን በሩ ሥር ከምሪው። ጋሽ ቬይሰልም ጢሙ እንዳደገ ይቆይ። ስትከፍቺላቸው ደግሞ ትንሽ አልቅሺ።”

“እንግዳ ነው የሚመጣው፣ ጉልደረን።”

“የምን እንግዳ፣ መርማሪ ነው እንጂ!”

“በሬን አንኳኩቶ ጫማውን አውልቆ የሚገባ እንግዳ ነው። ደግሞስ ቤቱ ከገማ ‘መች ታስታምመዋለች’ ብለው አይጽፉብኝም? ላልሠራሁት ነው ደሞዝ የምጠይቀው?”

ጉልደረን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አሰበች። “እሱስ ልክ ነሽ” አለች በመጨረሻ። “በቃ ግማሹን እጠቢ።” ከዚያ እሷው መወልወያውን አንሥታ ኮሪደሩን ጀመረችው።

እናቴ አባቴን ልትላጨው ስትቀመጥ ሳህን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። ሁልጊዜ አርብ ነበር የምትላጨው፤ በዚያን ቀን ቀድማ አገጩን የሳሙና አረፋ ቀባችው። “ምላጩን ቀይሪው” አላት። “በግ ሸልተሽበታል እንዴ?” ምላጩ አዲስ ነበር። እናቴ በሁለት ጣቷ ጉንጩን ወጠር አድርጋ ዝም ብላ ትላጫለች። ጸጥ ሲል ሊያስቃት ካልሆነም ሊያናድዳት መሞከሩ አመሉ ነው፤ ዝምታ አይችልም። “ስንት ይሰጡሻል ለኔ?” አለ። “በኪሎ ነው በቀን?” “ዝም በል፣ እቆርጥሃለሁ።” ምላጩን ውሃው ውስጥ ስታንቀጫቅጭ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ሳኪኔ፣ ሰው ምን ይላል? የቬይሰል ሚስት በገዛ ቤቷ ተቀጠረች ነው የሚለው።” እናቴ ምላጩን በፎጣው አደረቀች። “ያን ቀን ከግድግዳው ሥር ጎትቼ ያወጣሁህ እኔ ነኝ” አለች፤ “ሰው አይደለም።” ላጭታው ስታጥበው፣ “ኮቴን አምጪ” አላት። “የትኛውን?” “ኔሪማንን የዳርኩበትን” አለ ወደ እኔ እያየ። “ቢጃማው ንጹሕ ነው፣ ቬይሰል።” “ሴቶች ናቸው የሚመጡት አላልሽም? ሴት ፊት በቢጃማ አልቀመጥም።”

ኮቱ እንኳ እሺ አለን። የሱፍ ሱሪው ግን እግሩን ለማያነሣ ሰው የሚለበስ አልነበረም። እናቴ መቀስ አመጣችና ከኋላ በስፌቱ ከወገቡ እስከ ታች ጫፉ ተረተረችው፤ ከፊት አለበሰችው፣ ጨርቁን ከጎንና ከጎኑ ጠቀጠቀችው። ጥሩ ጨርቅ ነበር፤ ሲገዛው ለዋጋው አንድ ሳምንት ተጨቃጭቀዋል። ሲቀደድ ሁለቱም ዓይናቸውን ከመቀሱ ላይ አነሡ። በአንሶላ ይዘን፣ እኔ፣ እናቴና ጉልደረን፣ ወደ እንግዳ ክፍሉ ወሰድነውና ባለ ክንዱ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ትራሶቹን ከጀርባው ደብቀን በዳንቴል ሸፈንናቸው። ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ። የሎሚ ሽቶ ጉንጩ ላይ። ጉልደረን ራቅ ብላ አየችውና፣ “ወይኔ” አለች፣ “ሚኒስትር አስመሰላችሁት። ጉዳችሁ ፈላ።”

ከቀትር በኋላ መጡ። አንደኛዋ ቤልማ ትባላለች፤ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፈገግታዋ የማይቸኩል፣ ከማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ የተላከች ሴት ናት። ሁለተኛዋ ነርስ ነበረች፤ ወረቀቷን ጭኗ ላይ ይዛ ትጽፋለች እንጂ ብዙ አታወራም። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ እናቴ የቤት ጫማ አቀረበችላቸው፣ እኔም እንደ ወጋችን የሎሚ ሽቶውን መዳፋቸው ላይ አንጠባጠብኩላቸው። አባቴ የቤቱ ጌታ ሆኖ ተቀበላቸው።

“እንኳን ደህና መጣችሁ። በየትኛው መስመር ነው የመጣችሁት?”

“ከገበያው በሚነሣው ሚኒባስ፣ ጋሽ ቬይሰል” አለች ቤልማ።

“እሱማ የኔ መስመር ነው! ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ሳልዞር መልስ ሰጥቻለሁ፤ አንድ ሰው ጎደለኝ ብሎ አያውቅም። አሁን ያሉት ልጆች መልስ ሲቆጥሩ መንገዱን ይረሱታል።”

ሳቁ። ነርሷም ሳቀች። አባቴን እንደዚያ አምሮበት ካየሁት ቆይቼ ነበር፤ ደስ እንዳለኝ አስታውሳለሁ። ቤልማ መጠየቅ ጀመረች። “ምግብ ማን ያበላዎታል?” “ምን ሆኜ? አፍ የለኝም?” “ልብስስ?” “ይኸው ለብሼ አየሽኝ።” ነርሷ ጻፈች። ቤልማ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ወረቀት አየት አድርጋ፣ “የሆስፒታሉ ሰነድ ግን ሌላ ነው የሚለው” አለች። “ሐኪሙ ያየኝ ያን ጊዜ ነው። አሁን ተሻለኝ።” “መፀዳጃ ቤትስ፣ ጋሽ ቬይሰል? ማን ይረዳዎታል?” አባቴ ወደ መስኮቱ አየ፤ የተላጨው አንገቱ ከኮሌታው በላይ ቀላ። “ቅርብ ነው” አለ። “በሩ ያ ነው።”

እናቴ ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አይብ ያለው ቂጣ ጠብሳለች፣ ሻዩ በወገበ ቀጭን ብርጭቆ ተቀድቷል። ቤልማ ዞር አለችና፣ “እሳቸው እንደሚሉት ነው፣ እትዬ ሳኪኔ?” አለቻት። አፌን ልከፍት ስል እናቴ አየችኝ፤ ልጅ ሆኜ እንግዳ ፊት ስቀብጥ የምታየኝን አስተያየት። ከዚያ አባቴን አየችው። አገጩን ቀና አድርጎ፣ ኮቱን ለብሶ ተቀምጧል። “እሱ እንዳለው ነው” አለች። ነርሷ ጻፈች። ከማድ ቤቱ ጉልደረን ግንባሯን ጠፍ ስታደርግ ተሰማኝ። እኔ ደግሞ ያሰብኩት ደረጃውን ነው፤ እናቴ ነገ ጠዋት ቴሌቪዥኑን ስትከፍትለት፣ ቁልፉን ስታዞር።

ሌላ ቀን አባቴ ሻይ የሚጠጣው ቀዝቅዞ፣ በቀጭን መምጠጫ፣ እናቴ ይዛለት ነው። ለእንግዶቹ ስታቀርብ የእሱን ወደኋላ አስቀርታ ነበር። “ለኔስ?” አላት። “ትንሽ ይቆይ፣ ትኩስ ነው።” “እንደ እንግዶቹ አድርጊልኝ።” ከፊቱ ያለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችለት። በሁለት አንጓው ብርጭቆውን ከግራና ከቀኝ ያዘው፣ አነሣው፣ ጎንበስ ብሎ ተጎነጨ። ሙሉ ጉንጭ። አልፈሰሰም። እናቴ ትሪውን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እሱም ደስ ብሎት፣ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ ወሬ ጀመረ። አንድ ሰውዬ ለበዓል የገዛውን በግ ሚኒባሱ ውስጥ አስገብቶ ነበር፣ የበጉን ሂሳብ ማን ይክፈል በሚለው ተሳፋሪው ሁሉ ተከራክሮ ነበር፣ ግማሹ ሕፃን በነፃ ነው ይላል፣ ግማሹ በጉ ወንበር ይዟል ይላል። ቤልማ እየሳቀች ዓይኗን በጣቷ ጠረገች።

ብርጭቆው ያመለጠው ያን ጊዜ ነው። ድምፅ አልነበረውም፤ ብርድ ልብሱ ላይ ነው የተደፋው፣ ጭኖቹ መሃል። እንግዶቹ ፊቱን እንጂ ጉልበቱን አያዩም ነበር። አባቴ ግን አየው። ማየቱን አየሁ። አንጓውን ቀስ ብሎ ብርጭቆው ላይ አሳረፈ፣ በብርድ ልብሱ ጫፍ ሸፈነው፣ ወሬውን ቀጠለ። “በጉ ደግሞ ብልህ ነው፤ መውረጃው ሲደርስ ባ! አለ።” ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እግሩ አይሰማውም፤ ቢነድድም አይሰማውም። ከብርድ ልብሱ ሥር ቀጭን እንፋሎት ወጣ። እናቴም አየችው። ወደ እሱ ስታይ እሱም ወደ እሷ እያየ ነበር፤ ከንፈሩ ስለ በጉ ይናገራል፣ ዓይኑ ግን እሷን ብቻ ይለምናታል። አባቴ ሲለምን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እናቴ ትሪውን መሬት አስቀመጠችው። “ይቅር በሉኝ” አለች፤ ለማን እንዳለችው አላውቅም። ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። “ኔሪማን፣ ውሃ! ቀዝቃዛ ውሃ!” ባልዲ ይዤ ስመለስ የተቀደደው ሱሪ በአንድ ጊዜ ከፊቱ ተገፎ ወለሉ ላይ ወድቋል። ኮቱ፣ ነጩ ሸሚዙ፣ ከዚያ በታች ዳይፐሩ፣ እንደ እንጨት የቀጠኑት እግሮቹ፣ ጭኑ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀይ ቃጠሎ፣ ዳሌው ላይ ደግሞ በመተኛት ብዛት የወጣው ቁስል ከነፋሻው። ነርሷ ወረቀቷን ጥላ ተንበረከከች፤ ውሃውን ከእጄ ተቀበለችና ቃጠሎው ላይ ቀስ እያለች ታፈስ ጀመር። ውሃው ምንጣፉ ላይ ይፈስሳል። አባቴ ጣሪያውን እያየ ነበር። “ሸፍኑኝ” አለ። “ትንሽ ይታገሡ፣ ውሃው መቆየት አለበት” አለችው ነርሷ። “ሸፍኑኝ።” እናቴ የራስ ሻሿን ፈታ ከእምብርቱ በታች ጣል አደረገችበት። ሽበቷን ለባዕድ ሰው አሳይታ አታውቅም ነበር።

ቤልማ እናቴን ማድ ቤት ተከትላ ገባች። “ለምን አልነገሩኝም፣ እትዬ ሳኪኔ? ልንሄድ እኮ ነበር።” “ባሌ ሲናገር ሰምተሻል” አለች እናቴ፣ ብርጭቆዎቹን እያጠበች። ቤልማ ወረቀቷን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። በኋላ፣ “ያየነውና የሆስፒታሉ ሰነድ አንድ ነው፤ እንደዚያ ብዬ እጽፋለሁ። ይፈቀዳል” አለች። “ግን ከነገ ጀምሮ ከቤት አይራቁ። ድንገት መጥተን ካጣንዎት ይቋረጣል።” ሊሄዱ ሲሉ ሁለቱም በሩ ላይ ቆመው ደህና ይሁኑ አሉት። አባቴ እንግዳን ሳይሸኝ ቀርቶ አያውቅም። በዚያን ቀን ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረባቸው።

እናቴ እጇን አድርቃ ለሕንፃዎቹ አስተዳዳሪ ስልክ ደወለች። ሰውየው በስልኩ ሲጮህ ከጎኗ ቆሜ ይሰማኛል፤ አሁን ሰው ከየት አመጣለሁ፣ በበዓል መዳረሻ፣ ትንሽ ጨምሬ ልስጥሽ። “አልመጣም” አለችው። “የመጨረሻ ነው። ቁልፎቹን ልጄ ታመጣለች።”

ጀምበር ስታዘቀዝቅ አባቴ ጠባቡ ክፍል ውስጥ፣ አልጋው ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቶ ነበር። ጭኑ ቅባት ተቀብቶ በፋሻ ተጠቅልሏል። እናቴ የምስር ሾርባ ይዛ ስትገባ ሳይዞር ተናገራት።

“አውቀሽ ነው።”

“ተቃጥለህ ነበር።”

“አልተሰማኝም።”

“እኔ አየሁት።”

“አልተሰማኝም አልኩሽ! ዓይኔንም አይተሻል። ምን እንዳልኩሽ ታውቂያለሽ።”

“አውቃለሁ” አለች እናቴ።

እንደ ሁልጊዜው መቀመጫ ዱካዋን ከአልጋው ሥር በእግሯ ሳብ አድርጋ ልትቀመጥ ስትል፣ “ደሞዝተኛ አሠሪው ፊት አይቀመጥም” አላት። እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ዱካዋን በእግሯ መልሳ አልጋው ሥር ገፋችውና ቆመች። ማንኪያውን አቀረበችለት፤ አፉን ገጠመ። እኔ ከእጇ ተቀብዬ፣ “አባዬ፣ ለኔ ስትል” አልኩት። “አንቺ እንግዳ ነሽ” አለኝ፤ “ሂጂ፣ አውቶቡስሽ እንዳያመልጥሽ።” ሾርባው ቀዘቀዘ። እናቴ ወስዳ አሞቀችው፣ ይዛው ተመለሰች፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆመች። ቀኑን ሙሉ የቆመችበት ወገቧ እንደሚያማት በአንድ እግሯ ስትደገፍ ያስታውቅ ነበር። አሁንም ገጠመ። እንደገና ወሰደችው፣ እንደገና አሞቀችው። ቦርሳዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ መሄድ አቅቶኛል።

“ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትሄጂው?” አለ አባቴ፣ ለግድግዳው።

“የት?”

“ደረጃሽ ጋ ነዋ።”

“አልሄድም። ተውኩት።”

“ከነገ ወዲያስ?”

“እዚሁ ነኝ።”

አባቴ በአንጓው ግድግዳውን ነካ አደረገ።

“በሩንስ?”

“አልቆልፈውም፣ ቬይሰል።”

ፊቱን ከግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ አዞረ። አላያትም፤ ማንኪያውን ነው ያየው። አፉን ከፈተ። እናቴ ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ ጎንበስ አለችና አጎረሰችው፣ ከንፈሩን በጣቷ ጠረገችለት፣ ሌላ ጨለፈች። ሾርባው እስኪያልቅ ድረስ እንደዚያ ነበሩ። ተቀመጪ አላላትም፤ እሷም ዱካዋን አልሳበችም።